ሲያቃጥልሽ ጣት አንሺ

ሰው ሁሉ የሚጠራት «እትዬ ጣት» እያለ ነው። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን ከመታወቂያዋና ከባሏ በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። ባሏም ቢሆን ኩርፊያ ላይ ካልሆነ በዚያ ስም አይጠራትም። ሥራዋ ፊት ማጠብ ነው። አዎ፣ ፊት ማጠብ! ምን ያስቃል? እሷም ልጅ እግር ሳለች ሥራውን ሲነግሯት ከት ብላ ስቃ ነበር። «ፊቱን መታጠብ የማይችል ሰው አለ እንዴ?» አለች። ቆይታ ነው የገባት። ጠዋት ጠዋት ውኃ ረጨት አድርጎ የሚወጣው ሁሉ ታጥቤያለሁ ይላል እንጂ፣ አቧራው፣ ቅባቱ፣ የሞተው ቆዳ እዚያው ተደላድሎ ነው የሚውለው።

የምትሠራው ከአንድ የውበት ሳሎን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከፊት ለፊት ጸጉር ይሠራል፣ ጥፍር ይቀባል፣ ሰው ይታማል። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋችሁ ስትገቡ ግን ጸጥ ያለ ነው። አንዲት ጠባብ አልጋ፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት፣ እንፋሎት የምትተፋ ትንሽ ማሽን፣ በነጭ በነጩ የታጠፈ ፎጣ። ደግሞ ብሩሹ አለ። እጀታው ከእጅ ባትሪ ብዙም አይበልጥም፤ ጫፉ ላይ ክብ ብሩሽ ይሰካበታል፤ ቁልፉን ሲጫኑት እዝዝዝ እያለ ይሽከረከራል። ለስላሳው ብሩሽ ለፊት ነው፣ ጠንከር ያለው ለጀርባ፣ ሻካራው ለተረከዝ። አንድ ደንበኛ በወጣች ቁጥር ትዘፈዝፈዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ጠጉሩን ቁልቁል ደፍታ ፎጣ ላይ ታደርቀዋለች። በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። አንድ ቀን የሳሎኑ ባለቤት ወረፋ በዝቶባት «ይሄ እኮ ንጹሕ ነው፣ በዚሁ ቶሎ ሥሪያት» ብትላት፣ «እሺ፣ በእርስዎ ፊት ልጀምርበታ» ብላ አፏን አስያዘቻት።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ፊቱን በሞቀ ፎጣ ታለዝበዋለች፣ አረፋ ታለብሰዋለች። ከዚያ ብሩሹን ታስነሳና በቀጥታ ወደ ፊት አትወስደውም። «መዳፍሽን ዘርጊ» ትላለች። ብሩሹን መዳፉ ላይ ታዞረዋለች፤ እጅ ካልፈራው ፊትም አይፈራውም ባይ ናት። ቀጥላ ያቺን ስም ያተረፈችላትን ነገር ትናገራለች።

«አፍሽ ላይ አረፋ ስላለ ማውራት አትችዪም። ሲያቃጥልሽ ጣት አንሺ። እኔ ወዲያው አቆማለሁ።»

ታቆማለችም። ጣት ከተነሳ ብሩሹ ከፊት ላይ ይነሳል፣ አለቀ፤ «እስቲ ትንሽ ቻይው» የለም። ዓይኗ ከፊቱ ይልቅ ሆድ ላይ የተጋደመውን እጅ ነው የሚጠብቀው። አንዳንዷ ደግሞ አለች፣ ጣቷን ማንሳት ቀርቶ «ጠንከር አድርጊው እንጂ፣ ምንም አልተሰማኝም» የምትል። የእነሱ ነገር ያንገበግባታል። «ድስት እየፈተግሁ መሰለሽ እንዴ የኔ እመቤት? ቆዳ ነው! አንድ ነው ያለሽ!» ትላለች። የተበሳጨች ደንበኛ አለች፤ ተበሳጭታ የቀረች ግን አላውቅም።

ከሁሉ የባሰ የሚያናድዷት ሙሽሮች ናቸው። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲቀረው የምትመጣውን ሙሽራ ዓለሟን ታሳያታለች፤ ለነገ ሰርግ ዛሬ የምትመጣውን ግን አትነካም። የተፈተገ ቆዳ አንዳንዴ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ይቀላል፤ እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል። አንዴ አንዲት ሙሽራ ከነእናቷ ከነሚዜዎቿ በዋዜማው መጥታ እዬዬ አለች። እናትየው «እኔ ልሙት፣ ትንሽ ብቻ አስነኪላት» ብለው ተለማመጡ፣ ቀጥለው ተቆጡ፣ በመጨረሻም «አንቺ ልጅ የለሽም መሰለኝ» ብለው ወጡ። እትዬ ጣት ደግሞ ልጅ ነበራት፣ ያውም አንድ ለእናቷ። ቢሆንም አልነካቻትም። «ሂጂና በደንብ ተኚ፣ ከእንቅልፍ የተሻለ ብሩሽ የለም» ብላ ሸኘቻት።

ስለ ባሏ ልንገራችሁማ። እሱም የሚኖረው በሚሽከረከር ብሩሽ ነው፤ የእሱ ግን የጋሪ ጎማ ያህላል። ትልልቅ ሕንፃዎች ውስጥ ወለል ይፈትጋል። ማሽኑን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ሲሄድ ከሰው ጋር የሚደንስ ነው የሚመስለው። «እኔና አንቺ ሥራችን አንድ ነው፣ ልዩነቱ የእኔዎቹ ደንበኞች አያጉረመርሙም» ይላታል። የተገናኙትም በብሩሽ የተነሳ ነው። ያኔ ሳሎኑ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ነበር። እሷ አንዲት ወይዘሮ አስተኝታ ፊታቸውን እኩሌታ እንዳደረሰች ድንገት ብሩሹም መብራቱም ድርግም! ለካ እሱ ኮሪደሩ ላይ ያንን ግዙፍ ማሽኑን በእነሱው መስመር ሰክቶ ፊውዙን አቃጥሎታል። አረፋ የለበሰ ብሩሿን እንደያዘች እየሮጠች ወጣችበት።

«አንተ! ግማሽ ፊት አስቀረህብኝ እኮ!»

እሱ የተባለው ነገር አልገባውም። አንድ እጇን ወገቧ ላይ፣ በአንድ እጇ ብሩሽ ይዛ የቆመችውን ልጅ አየና፣ ማሽኑን ደገፍ ብሎ ቆሞ ቀረ። በኋላ ሲያወራው «ፊውዙ ብቻ አይደለም ያን ቀን የተቃጠለው» ይላል፣ ሽማግሌ ሆኖ እንኳ አያፍርም። ወይዘሮዋ በግማሽ ፊታቸው እየሳቁ ሁለቱን ሲያስታርቁ አመሹ። ይሄ ታሪክ እነሱ ቤት ውስጥ ስንቴ እንደተወራ ቤቱ ይቁጠረው። ሴት ልጃቸው ደግሞ ሌላ ተረት ተነግሯት አታውቅም፤ ሲነገራትም «የፊውዙን ንገሪኝ» ነበር የምትለው።

ልጅቷ ያደገችው እዚያች መጋረጃ ኋላ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ በቀጥታ ወደ ሳሎኑ ትመጣለች። ደንበኛ ከሌለ አልጋዋ ላይ በሆዷ ተኝታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ ደንበኛ ከመጣ ጥግ ያለችው በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ቀኑ ሲያልቅ «እማ፣ አሁን የኔ ተራ» ትላለች። የሕፃን ቆዳ ምን ይፈተጋል? እናቷ ግን እንዳይከፋት ከሁሉም የለዘበውን ብሩሽ ትሰካና አረፋ በአረፋ አድርጋ ለይምሰል ታዞርላታለች። ታዲያ አንድ ቀን አረፋው ዓይኗ ውስጥ ገባ። አፏን እንዳትከፍት አፏም አረፋ ነው። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? በክፍል ውስጥ አስተማሪ እንደምትጠይቅ ሁሉ ጣቷን ቀጥ አድርጋ አነሳች። እናትዮዋ መጀመሪያ ሳቀች፣ ወዲያው ደንግጣ አጠበችላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ለደንበኛ ሁሉ «ሲያቃጥልሽ ጣት አንሺ» ማለት የጀመረችው። እንግዲህ ሕጉን ያወጣችው እናትየዋ ሳትሆን ያቺው ትንሿ ልጅ ናት።

አደገች ልጅቷ። አዋላጅ ነርስ ሆነች፤ ሥራ ያገኘችው ሩቅ ከተማ ነው። እዚያው ሥራ ቦታዋ ካለ ረጋ ያለ የመድኃኒት ቤት ልጅ ጋር ተዋደዱ፣ ሰርጉ ቤተሰቧ ዘንድ እንዲሆን፣ ኑሮው ግን እዚያው እንዲሆን ተቆረጠ። እትዬ ጣት በሰው ፊት «እሰይ፣ ደስ አለኝ!» ትላለች፤ ብቻዋን ስትሆን ብሩሽ እየዘፈዘፈች ታለቅሳለች። ደስታዋም እውነት ነው፣ ልቅሶዋም እውነት ነው፤ እናት አይታችሁ አታውቁም?

ልጅቷ ከሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀድማ ልትመጣ ነበር። እናትየዋ ሁሉን አሰናድታለች፦ መጀመሪያ ሳምንት ይታጠባል፣ ቀጥሎ ያርፋል፣ ከዚያ ቅባት ብቻ። በኋላ ግን የልጅቷ ባልደረባ ታመመችና ፈረቃው እሷ ላይ ወደቀ፤ ፈቃዷ ሲገፋ ሲገፋ የደረሰችው በዋዜማው ነው። ሻንጣዋን ሳታወርድ በቀጥታ ወደ ሳሎኑ መጣች፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባችና ያቺ አልጋ ላይ ጋደም አለች። ፊቷ በመንገድና በድካም ጠውልጓል።

«እማ፣ አሁን የኔ ተራ» አለች።

«አብደሻል? ነገ እኮ ነው ሰርግሽ!»

«በይ እንግዲህ ተዪው» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ጨፍና። «ግን እንደ ድሮው እንደገና መቼ ነው የምታጥቢኝ?»

ይቺን ስትሰማ እትዬ ጣት ለስላሳውን ብሩሽ ሰካች። ያን ሁሉ ሙሽራ በዋዜማው የመለሰች ሴት፣ እናቶቻቸውን ያስቀየመች ሴት፣ «በለስላሳው፣ ለአፍታ ያህል ብቻ» ብላ ራሷን አታለለች። አረፋውን አለበሰቻት። ብሩሹን መዳፏ ላይ አዞረችው፤ ልጅቷ እንደ ልጅነቷ ኩርምት ብላ ሳቀች።

«ሕጉን ታውቂዋለሽ» አለቻት።

ልጅቷ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ብሩሹ ግንባሯ ላይ ጀመረ። እናትየዋ የምታወራው ነገር ጠፋባትና የፊውዙን ታሪክ ጀመረች። እንዴት መብራቱ ድርግም እንዳለ፣ እንዴት ሮጣ እንደወጣች፣ አባትሽ እንዴት አፉን ከፍቶ እንደቀረ። ከግንባር ወደ ጉንጭ ወረደች። ይሄ ጉንጭ ሕፃን ሳለ ወተት ሲጠግብ ወደ ጎን ይወድቅ ነበር። አገጯ ላይ ያቺ ከደረጃ ስትወድቅ የተረፈቻት ጭረት አለች። እነዚህን አልተናገረቻቸውም፤ አፏ ስለ ፊውዝ እያወራ እጇ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያስታውሰው። መነጽሯ በእንፋሎቱ ይሁን በእንባዋ ጭጋግ ለበሰ። በዚያ ጭጋግ ውስጥ እንኳ የልጇን እጅ መጠበቅ አልረሳችም። እጁ ሆዷ ላይ ተጋድሟል። ጣት አልተነሳም። ጣት ካልተነሳ ደኅና ነው ማለት ነው፤ ስንት ዓመት ሙሉ ደኅና ነበር። ስለዚህ ወደ ግንባሯ ተመለሰች፤ ደግማ ወደ ጉንጯ ወረደች፤ ታሪኩም ወይዘሮዋ ጋ፣ ዕርቁ ጋ፣ ሰርጉ ጋ ደረሰ፣ እሷ ግን አላቆመችም። ፍቅር ጊዜ አይቆጥርም፤ የሚሽከረከር ብሩሽ ይዞ ግን መቁጠር ነበረበት።

አረፋውን በእርጥብ ፎጣ ስትጠርገው እጇ ባለበት ደረቀ። ልጅቷ በአባቷ ወጥታ ቀላ ያለች ናት፤ እንዲህ ያለ ቆዳ ምንም አይደብቅም። ሁለቱም ጉንጮቿ ደም መስለዋል፤ ግንባሯም ያብረቀርቃል። መብራቱን አዞረችው፣ መነጽሯን ጠረገችው፣ ደግማ አየች። ያው ነው።

«አማረብኝ?» አለች ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ወይኔ ልጄ» አለች እናትየዋ። 

ልጅቷ ተነስታ መስተዋት አየች። አልጮኸችም። «ነገ ይለቀኛል እማ» አለች። ይሄን ያህል ጊዜ አዋላጅ ነርስ ሆና መዋሸት አልተማረችም፤ ሁለቱም ነገ እንደማይለቃት ያውቃሉ።

ቤት ሲደርሱ አባትየው በሩ ላይ ልጁን አቅፎ ሊስማት ጎንበስ አለና ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ምን ነካት?»

«እኔ ነኝ የነካኋት» አለች እትዬ ጣት፣ ደጁ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። «የገዛ ልጄን! የሰው ልጅ ስጠብቅ ኖሬ የገዛ ልጄን ላጥኋት!»

አባትየው የሚያደርገው ጠፋው። ቀዝቃዛ ጨርቅ አመጣ፤ ሌላ ጨርቅ አመጣ፤ ቤት ውስጥ ያለውን ጨርቅ ሁሉ አምጥቶ ጨረሰ። ሚስቱ ቅባት ፍለጋ ቁም ሳጥኑን ስታተራምስ እጇን ያዘና አስቀመጣት። «ስሚኝማ። እኔም አንዴ አንድ የድንጋይ ወለል ፍትጊያ አብዝቼበት አደብዝዤዋለሁ። ሰም ቀባሁ፣ ባሰበት። አለቃዬ ምን አለኝ መሰለሽ? ተወው። ሲበዛበት መድኃኒቱ መተው ነው። አንቺም አሁን ተያት፣ ትተኛ።»

«ልጄ ወለል ናት እንዴ!» ብላ ጮኸችበት። ግን ተወች። ልጅቷ ተኛች፤ እሷ ግን ዓይኗን ሳትከድን ነጋ።

ሲነጋ ሙሽራዋን ልታስጌጥ የሳሎኑ ጸጉር ሠሪ መጣች። ይቺ ሴት ምላሷ ከመቀሷ የሚፈጥን ናት። ገና ከመግባቷ ሙሽራዋን አይታ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ለቀቀችው።

«ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ማነው እንዲህ የቀጠቀጠሽ? የት ሄደሽ ነው የታጠብሽው? ንገሪኝ፣ ሄጄ ሱቁን ነው የማፈርሰው! እናትሽን የመሰለች ባለሙያ ቤትሽ እያለች ምን ሆነሽ ነው እንደዚህ ያለ ጅል እጅ ላይ የወደቅሽው?»

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ ጣት ከጥግ።

ጸጉር ሠሪዋ ጎንበስ ብላ ቦርሳዋን አነሳች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረግ ጠረግ አደረገች። «እና… ችግር የለም። እንዲህ ቀለሙን ወፈር አድርጌ ስለብጥበት ማን ያውቃል? ፎቶው ላይ እንደ በረዶ ነው የምትሆነው።»

እትዬ ጣት መጥታ በመሐላቸው ቆመች። ቀለም ቢለበጥበት ጉዱ ይሸፈናል፤ ያ ሁሉ ሰው አያይም፣ እሷም አታፍርም። ግን የተላጠ ቆዳ ላይ ቀለም መለበጥ ምን እንደሚያመጣ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የምትፈልገውን ማለት አቃታት፤ ማለት ያለባትን አለች። «ያቃጥላታል። ነገም ቁስል ይሆናል። እኔ ልፈር እንጂ እሷ አትቃጠል።» ወደ ልጇ ዞረች። «ፊቱ ግን ያንቺ ነው፣ ሰርጉም ያንቺ ነው። አንቺ ያልሽው ይሁን።»

ሙሽራዋ መስተዋቱን ትንሽ አየችው። «ዓይኔን ብቻ ኳይኝ» አለች ጸጉር ሠሪዋን። «ጉንጬን ተዪው።»

አዳራሹ ሞልቷል። ሙሽራዋ በነጭ ልብሷ፣ በቀይ ጉንጮቿ ገባች። እትዬ ጣት ከፊት የተዘጋጀላትን ወንበር ትታ ሳህን በሚወጣበት በር አጠገብ፣ ሰው ከማያያት ጠረጴዛ ተሸጉጣለች። ሰው ምን እንደሚል ለመስማት ጆሮዋ ቆሟል። የሰማችው ግን ሌላ ነው።

«አያችኋት ሙሽሪትን? እንዴት አፈረች!»

«ዘንድሮ የሚያፍር ሙሽራ አለ እንዴ? እሰይ፣ ዓይኔ አየ!»

«ጉንጯን እዪው፣ ቀና ብላ እንኳ ማየት አልቻለችም እኮ።»

ወሬው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ተዛመተ። ያረጁት የልጅነታቸውን ሰርግ እያነሱ ተከዙ፣ ሚዜዎቹ እርስ በርስ ተጎሻሸሙ። ሙሽራው ራሱ ባየኋት ቁጥር የምትቀላው በእኔ ነው ብሎ ሳያስብ አልቀረም፤ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል ምስኪን። ጭራሽ የሙሽራው እናት እትዬ ጣትን ፈልገው ፈልገው ያቺ በር ድረስ መጡ፣ እጇንም በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እርስዎን ላመሰግን ነው የመጣሁት። እንዴት አድርገው እንዳሳደጓት ፊቷ ላይ ይታያል።»

እትዬ ጣት የጠጣችው ውኃ ትን አላት። ባሏ ጀርባዋን እየመታ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሰው ቢያመሰግናት ምን ይጠቅማታል? ልጄን አሟታል፣ ያውም በእጄ፤ አሁን ደግሞ ቂሟን ይዛ ልትሄድ ነው። ቀኑን ሙሉ ስታስበው የዋለችው ይሄንን ነው። ጉንጩስ በሳምንቱ ይድናል።

ቀኑ አዘቀዘቀና መኪናው በሩ ላይ ቆመ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ሙሽሮቹ ሳይመሽ መነሳት አለባቸው። ሰዉ ሲስም ሲመርቅ ቆየ፤ ልጅቷ ግን ዓይኗ ይዞራል። በመጨረሻ እናቷን ከሰው ጀርባ አገኘቻትና እጇን ይዛ ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰደቻት።

«ከጠዋት ጀምሮ ለምን ትሸሺኛለሽ?»

«በምን ዓይኔ ልይሽ? ልጄ፣ ይቅር በዪኝ። እጅሽን እያየሁ ነበር እኮ። ጣትሽ ቢነሳ ባየሁት ነበር። እንዳልተነሳ እምላለሁ!»

«አልተነሳም» አለች ልጅቷ።

«አላቃጠለሽም ነበር?»

ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ጉንጯ ሲለጠጥ አሟት ወዲያው ተወችው። «ገና መብራቱ ድርግም ሲል ነው ማቃጠል የጀመረኝ።»

እትዬ ጣት ታሪኩን በልቧ ቆጠረችው። መብራቱ ድርግም የሚለው የታሪኩ መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሩጫው አለ፣ ጠቡ አለ፣ ወይዘሮዋ አሉ፣ ዕርቁ አለ።

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ጣትሽን የማታነሺው!» ብላ ጮኸች፤ ሰው ዞር ብሎ አያት። «አንቺ ራስሽ ያመጣሽውን ሕግ!»

«ባነሳ ታቆሚያለሻ፣ እማ» አለች ልጅቷ። «እንድታቆሚ አልፈለግሁም።»

 ልጅቷ ሳመቻት፣ ቀሚሷን ሰብስባ ሄደች፣ መኪናው ውስጥ ገባች። ሙሽራው በሩን ዘጋ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ሰዉ አጨበጨበ፣ እጁን አወዛወዘ፤ አባትየው ደግሞ ሁለት እጁን አንስቶ እንደ ፖሊስ መንገድ ያስለቅቃል። መኪናው ቀስ እያለ ተንቀሳቀሰ፣ በሩን አለፈ፣ ወደ ዋናው መንገድ ታጠፈ።

እትዬ ጣት እጇን አላወዛወዘችም። ከሰዉ ፊት ወጥታ መንገዱ ዳር ቆመች፣ አንድ ጣቷን ቀጥ አድርጋ አነሳች። በክፍል ውስጥ አስተማሪ እንደሚጠየቅ።

መኪናው ትንሽ ሄደና ቆመ። ሹፌሩ «ምን ረሳችሁ?» ሲል ይሰማል። የኋላው በር ተከፈተ። ሙሽራዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ እየሮጠች ተመለሰች፤ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት።  እናቷን አቀፈቻትና ጉንጯን ጉንጯ ላይ አስደግፋ ቆመች። ጉንጯ ገና ይፋጃል። እናትየዋ ጣቷን ማውረድ ረስታለች፤ አባትየው መጥቶ ነው ያወረደላት።